የሞተር የፊት ሞላ፦ ዘይት ልቀይር፣ ስፔሰር ልጨምር ወይስ አዲስ ሞላ ልግዛ?

ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሞተር የሚመላለስ ሰው የፊት ሾኩን ጠባይ ሳይወድ በግዱ ይማረዋል። አስፋልት ላይ ሁሉም ሞተር ጥሩ ነው። ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ግን ኮብልስቶን ይመጣል፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ውሃ ሞልቶ ጥልቀቱ የማይታይ ጉድጓድ። ፍሬን ስትይዙ ፊቱ ዘጭ ይላል። ጉድጓድ ስትገቡ ብረት ከብረት ሲጋጭ መሪው ላይ ይሰማችኋል። ያኔ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ "ሞላው ደክሟል፣ ቀይረው።"

እኔ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ እላለሁ። ቤቴ በር ላይ ከፈታኋቸው የፊት ሾኮች ውስጥ ሞላው በእውነት ያለቀለት ጥቂቱ ነው። የብዙዎቹ ችግር ከተገዙ ጀምሮ ተቀይሮ የማያውቅ፣ ጠቁሮ የቆሻሻ ውሃ የመሰለ ዘይት ነው። ሞላ ብረት ነው፣ ቶሎ አይሞትም። ዘይት ግን ይሞታል።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ሞተሬ ፊቱ ሲወርድብኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። በግማሽ ሰዓት ጨርሰው መለሱልኝ። ፊቱ ከፍ ብሏል፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ያ የጥቅምት ብርድ ባለበት ሰዓት፣ ጠጠር ላይ ኩርባ ስይዝ የፊት ጎማው መሬቱን መከተል ትቶ ይዘል ጀመር። ለጥቂት ነው ያልወደቅኩት። ቤት ገብቼ ክዳኑን ስፈታው በእያንዳንዱ ሾክ ውስጥ ሞላው ላይ የተደረደሩ ሮንዴላዎች አገኘሁ፤ ዘይቱ ደግሞ የሞተር ዘይት ነበር። ሞላው ያው የድሮው ነው። የከፈልኩት የሞላ ዋጋ ነበር።

ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንነጋገር።

መመዘኛው

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ አማራጭ የትኛውን ችግር ይፈታል የሚለው ነው። የፊት ሾክ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ ሰውም የሚያምታታቸው እነሱን ነው። አንደኛው የሞላው ጥንካሬ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጭመቅ ስንት ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ እናንተ ስትቀመጡ ፊቱ ስንት ሚሊ ሜትር ይወርዳል? ሦስተኛው እርጋታ ነው። ሞላው ከተጨመቀ በኋላ ሲመለስ እየዘለለ ነው ወይስ ተረጋግቶ? እሱን የሚቆጣጠረው ዘይቱ ነው። ዘይት የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም። ስፔሰርም፣ ማለትም በሞላውና በክዳኑ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቧንቧ፣ አይለውጥም። ይህቺን ብቻ የያዘ ሰው ግማሽ ወጪውን አዳነ።

ከዚያ ልኩ ይመጣል፦ ርዝመት፣ የውጭ ስፋት፣ የሽቦው ውፍረት። ከዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ በተራ መፍቻ ይሠራል ወይ፣ ካልተስማማኝ ወደ ነበረበት መመለስ እችላለሁ ወይ፣ ሲበላሽ ሰው ይጥላል ወይ። ዋጋ የመጨረሻው ነው። በብር አልጽፈውም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ ስለማይቆም ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ለኩ

አንዱ የመውረድ ልክ ነው። ሜትር፣ አንድ የፕላስቲክ ማሰሪያና አንድ ጓደኛ ይበቃል። ማሰሪያውን በሚያብለጨልጨው የሾክ ቧንቧ ዙሪያ፣ ከአቧራ መከላከያው ጎማ አጠገብ እሰሩ። የፊት ጎማው መሬት እንዳይነካ ሞተሩን አንሱና ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ማሰሪያውን ወደ ታች አስጠጉ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አውርዱት፣ ሁልጊዜ የምትለብሱትን ጃኬትና ሄልሜት አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ጓደኛችሁ ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ። ስትወርዱም ቀስ ብላችሁ። ማሰሪያው የሄደበትን ርቀት ለኩ። ለመንገድ ሞተር ከሾኩ ሙሉ ጉዞ (ከተዘረጋበት እስከ መጨረሻው እስኪጨመቅ ያለው ርቀት) ከ25 እስከ 33 በመቶ ቢወርድ ጤነኛ ነው። ጉዞው 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ30 እስከ 40 ማለት ነው። 55 ከወረደ ችግር አለ። 15 ብቻ ከወረደም ችግር አለ፤ ያ ሾክ ጉድጓድ ሲገጥመው ጎማው ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ የለውም።

ሁለተኛው የሞላው ርዝመት ነው። ሞላውን አውጥታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ለኩት። የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ አዲሱ ስንት እንደሆነና እስከ ስንት ሲያጥር መጣል እንዳለበት ይናገራል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት እጥረት 2 በመቶ ገደማ ነው። 400 ሚሊ ሜትር የነበረ ሞላ 392 ከደረሰ ያሰናብቱታል። መጽሐፉ ከሌላችሁ የግራና የቀኙን አስተያዩ። አንዱ ካንዱ በብዙ ካጠረ ሁለቱም ይቀየራሉ፣ አንዱን ብቻ መቀየር የለም።

ጥንካሬውንም ማወቅ ከፈለጋችሁ መንገድ ላይ ሰው የሚመዝኑ ልጆች የሚይዙት ዓይነት የሰውነት ሚዛን ይበቃል። ረጅም ሞላ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ስለዚህ በውስጡ ልክ የሆነ ዱላ ይግባ። ዱላው ከሞላው ማጠር አለበት፣ አለዚያ የምትመዝኑት ዱላውን ነው። ሚዛኑ ላይ አቁሙት፣ ከላይ መሃሉ የተበሳ ጣውላ አድርጋችሁ 50 ሚሊ ሜትር ጫኑት። ሚዛኑ 22 ኪሎ ካሳየ ለ50 አካፍሉት፤ 0.44 ኪሎ በሚሊ ሜትር ነው። በ25፣ በ50 እና በ75 ሚሊ ሜትር ደጋግማችሁ ለኩ። አካፍላችሁ ያገኛችሁት ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ሞላው እየጠነከረ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ጫፉ ላይ ጥምጥሞቹ ተቀራርበው የምታዩት ለዚህ ነው።

የምታዩት ችግር የሞላ ላይሆንም ይችላል። ቧንቧው ከተጣመመ፣ ኒኬሉ ከተላጠ፣ የዘይት ጎሚኒው እያፈሰሰ ከሆነ የትኛውም ሞላ አያድነውም። እነዚህን በዓይንና በጥፍር ፈትሹ። ጥፍራችሁን ቧንቧው ላይ ሳቡት። ከያዘው ጎሚኒውንም ይቆርጠዋል።

ዘይት ብቻ መቀየር

የመውረድ ልኩ ደህና ሆኖ ሞተሩ የሚዘልል፣ ፍሬን ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ልኩን ካላለፋችሁ የሚያበላሸው ነገር የለም። ለአብዛኛው ትንሽ ሞተር በአንድ ሾክ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ነው የሚገባው። ትክክለኛው ልክ መጽሐፉ ላይ አለ።

የሚገባው የሾክ ዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለ 10 ቁጥሩ። ጋራዦች ብዙ ጊዜ የሞተር ዘይት ይሞሉበታል፣ ምክንያቱም በርሜሉ አጠገባቸው ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ባለ 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ውፍረቱ 32 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲሆን 20/50 የሞተር ዘይት 160 አካባቢ ነው። አምስት እጥፍ ነው! በሱሉልታ ጠዋት ደግሞ ይብሳል። እኔን የጣለኝ ሊሆን የነበረው ይኸው ነው። የሾክ ዘይት ካጣችሁ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ውፍረቱ ለባለ 10 ቁጥሩ በጣም ቅርብ ነው። አንዳንድ የድሮ የጃፓን ሞተሮች መጽሐፍ ራሱ ያዝዘዋል።

እዚህ ውስጥ አንድ የማይታወቅ ጥቅም አለ። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሠራል። የዘይቱን ከፍታ በ10 ሚሊ ሜትር ብታሳድጉት አየሩ ይጠብና ሾኩ የጉዞው መጨረሻ ላይ ይጠነክራል። "ቋ" የሚለውን ድምፅ ብቻ ማጥፋት ለሚፈልግ ሰው ይህ ከአዲስ ሞላ ይሻላል። ከልክ በላይ ከሞላችሁት ግን ጎሚኒውን ይተፋዋል።

ስፔሰር መጨመር

በሞላውና በክዳኑ መካከል ተጨማሪ ቁራጭ ቧንቧ ማስገባት ነው። ሰዉ "ሞላውን አጠነከርኩት" ይላል። አላጠነከረውም። 10 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ፊቱን 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፣ በቃ። ከላይ ባየነው 0.44 ሞላ ብናሰላው በአንድ ጎን 4.4 ኪሎ፣ በሁለቱ 9 ኪሎ ገደማ ቀድሞ መጫን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር እንደ ድሮው 0.44 ነው የምትጠይቀው።

መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ሞላው ልኩን ይዞ እናንተ ትንሽ ከበድ ካላችሁ ወይም ፊቱ ከልኩ በላይ 5 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ከወረደ ትክክለኛው መፍትሔ ይኸው ነው። ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ገዝታችሁ፣ ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ በመጋዝ ቆርጣችሁ፣ ፍርፋሪውን በብርጭቆ ወረቀት አጥፍታችሁ፣ ከላይና ከታች ሮንዴላ አድርጋችሁ ማስገባት ነው። ሳንቲም አትደርድሩ፤ ይንሸራተታል፣ ይፋቃል፣ ፍርፋሪው ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ የሚፈልግ ሾክ ካጋጠማችሁም ስፔሰሩን ተዉት። ጥያቄው ጥንካሬ ሆኗል ማለት ነው፣ ደግሞም ሞላው ጉዞው ሳያልቅ ጥምጥሙ ሙሉ በሙሉ ሊገጥም ይችላል። ያኔ የሚመታው ብረት ለብረት ነው።

ያገለገለ ሞላ

ከተበተነ ሞተር የወጣ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን አልንቀውም። የፋብሪካ ሞላ ከደካማ ኮፒ ይበልጣል፣ አገልግሎም ቢሆን። ችግሩ የማን ሞተር እንደሆነ፣ ምን ተሸክሞ እንደኖረ አታውቁም። ስለዚህ በሜትር ነው የሚገዛው። ርዝመቱን ለኩ፣ ጥምጥሙን ቁጠሩ፣ ዝገት በልቶት የተቦረቦረ ቦታ ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ሞላ የሚሰበረው ከዚያች ቀዳዳ ተነስቶ ነው። ከግራና ከቀኝ አንድ ላይ የወጣ ጥንድ ካልሆነ አትግዙ።

ኮፒ ሞላ

ሱቅ ሁሉ ውስጥ ያለው ይህ ነው። ሁሉም ኮፒ መጥፎ አይደለም፣ ሁሉም ግን በዓይን አንድ ይመስላል። ለዚህ ነው ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ የምለው። የሽቦው ውፍረት ትንሽ ነገር ይመስላል። የሞላ ጥንካሬ ግን ከሽቦው ውፍረት ጋር በአራተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ 4 ሚሊ ሜትር የነበረው 4.2 ቢሆን ከ20 በመቶ በላይ ይጠነክራል። 3.8 ቢሆን 19 በመቶ ገደማ ይላላል። በዓይን የማይለይ ነገር መንገድ ላይ ሌላ ሞተር ያደርገዋል።

አሮጌውን ሞላ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከ2011 ሰኔ መጨረሻ ወዲህ ያለ ፈቃድ ሞተር ይዞ አዲስ አበባ መግባት ስለማይቻል መርካቶ የምትሄዱት በሚኒባስ ነው፣ ሱቁ በር ላይ ሞተሩን አቁሞ "ይህን የሚሆን" ማለት የለም። አሮጌውን ከአዲሱ አጠገብ አስቀምጡና ርዝመት፣ የሽቦ ውፍረት፣ የውጭ ስፋት፣ የጥምጥም ቁጥር አስተያዩ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። "ወንድሜ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ልለካቸው" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥንዶቹ እርስ በርሳቸው ካልተመሳሰሉ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ምንም ቢሆን አልገዛም። የገጠማችሁትንም ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የመውረድ ልኩን እንደገና ለኩ። ደካማ ብረት የሚተኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ኦርጅናል ሞላ

ልኩ የታወቀ፣ ጥንካሬው የታወቀ፣ ስፔሰሩም የድሮው። ርዝመቱ ካጠረና ሞተራችሁን ለተሠራበት ሥራ የምትጠቀሙበት ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። የሚያስቸግረው ዋጋውና መገኘቱ ነው። ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣም ለስላሳ የነበረ ሞተር ኦርጅናሉን ስትገጥሙለት ያው ለስላሳ ነው። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን አስቦ ይግዛ።

ጠንከር ያለ ሞላ ከውጭ ማስመጣት

ሁለት ዓይነት ነው የሚሸጠው። አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥንካሬው እኩል የሆነ ነው፤ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፣ ለመለካትም ለማስተካከልም ይመቻል። ሌላው መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ እየጠነከረ የሚሄድ ነው። የኛን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ይማርካል፣ ኮብልስቶን ላይ ለስላሳ ነው፣ ጉድጓድ ላይ ይይዛል። እኔ ግን ብቻውን ሆኖ የሚነዳ ሰው እኩሉን ቢወስድ እመርጣለሁ። እየጠነከረ የሚሄደው የሚጠቅመው አንድ ቀን ባዶ፣ አንድ ቀን ተጭኖ ለሚሄድ ነው። ውድ ነው፣ ይዘገያል፣ ትንንሾቹ የሥራ ሞተሮች ላይ ልኩን ማግኘትም ቀላል አይደለም። ክብደታችሁን ከነልብሳችሁ በትክክል ሳትናገሩ እንዳታዙ።

የራስን ሞላ ቆርጦ ማጠንከር

ይህን ስጽፍ የሚቃወም መካኒክ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሥራው ግን ትክክለኛ ነው፣ ከተጠነቀቁ። ሞላ ጥምጥሙ ሲያንስ ይጠነክራል። 60 ጥምጥም ካለው 6 ብትቆርጡ የቀረው 11 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። የቆረጣችሁትን ርዝመት በስፔሰር ትተኩታላችሁ። በነጻ የተገኘ ጠንካራ ሞላ ነው።

ግን መመለሻ የለውም። የተቆረጠው ጫፍ ሹል ስለሆነ ቧንቧውን ከውስጥ እንዳይፍቀው መስተካከል አለበት። በእሳት አሙቆ ማጠፍ አይቻልም፤ ብረቱ ሙቀት ሲነካው ጥንካሬው ይሄዳል። በግራይንደር ስትቆርጡም ውሃ እያስነካችሁ፣ ቀስ እያላችሁ። እየጠነከረ የሚሄድ ሞላ ላይ ደግሞ የትኛውን ጫፍ እንደምትቆርጡ ካልገባችሁ አትንኩት። ያገለገለ ርካሽ ጥንድ ገዝቶ እሱ ላይ መሞከር፣ የራሳችሁን አስቀምጣችሁ፣ ከሁሉ ይሻላል።

ሞላ ወጥሮ ማስረዘም የሚባል ነገር አለ፣ አንዳንድ ቦታ ይሠሩታል። አማራጭ ብዬ አልቆጥረውም። በሳምንቱ ይመለሳል፣ ሁለቱም ጎን እኩል አይመለስም።

| አማራጭ | የሚፈታው | የማይፈታው | ወጪ | ቤት ውስጥ | መመለስ ይቻላል? |
|---|---|---|---|---|---|
| ዘይት መቀየር | መዝለል፣ መወዛወዝ፣ በከፊል መምታት | የወረደ ከፍታ | ርካሽ | ቀላል | አዎ |
| ስፔሰር | የወረደ ከፍታ፣ እስከ 15 ሚሊ ሜትር | ጥንካሬ | በጣም ርካሽ | ቀላል | አዎ |
| ያገለገለ ጥንድ | ያጠረ ሞላ | የፋብሪካው ልስላሴ | ርካሽ | መካከለኛ | አዎ |
| ኮፒ | ያጠረ ሞላ፣ ልኩ ከተገኘ | ዋስትና የለውም | መካከለኛ | መካከለኛ | አዎ |
| ኦርጅናል | ያጠረ ሞላ | ለከባድ ሰው ልስላሴው | ውድ | መካከለኛ | አዎ |
| ከውጭ የመጣ ጠንካራ | ጥንካሬ | የሞተ ዘይት | በጣም ውድ | መካከለኛ | አዎ |
| ቆርጦ ማጠንከር | ጥንካሬ | የዛገ፣ የደከመ ብረት | ከሞላ ጎደል ነጻ | ከባድ | አይ |

ለማን የትኛው?

ብቻውን የሚነዳ፣ ከ60 እስከ 75 ኪሎ የሆነና በሞተሩ ሥራ የሚመላለስ ሰው ዘይት ይቀይር። ከዚያ በኋላ ፊቱ ከልኩ በታች ከሆነ ትንሽ ስፔሰር። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያበቃል።

ከበድ ያለ ሰውና ሁልጊዜ ጠጠር ላይ የሚውል ጥንካሬ ነው የሚያስፈልገው። ገንዘብ ካለ ከውጭ፣ ከሌለ ያገለገለ ጥንድ ገዝቶ በጥንቃቄ መቁረጥ።

ሰው የሚያመላልስና ጭነት የሚጭን ግን ትንሽ ቆም ይበል። ጎረቤቴ በየጠዋቱ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወተት ከኋላ አንጠልጥሎ ይወጣል። 40 ሊትር ወተት 41 ኪሎ ገደማ ነው። የፊት ሞላ ሊገዛ ገንዘብ ቆጥሮ ነበር። "ጋሼ፣ አንዴ ልለካልዎት" ብዬ ማሰሪያዋን አሰርኩለት። ባዶውን ተቀመጠ፣ ለካን። ጀሪካኖቹን ሰቀልን፣ እንደገና ተቀመጠ፣ ለካን። ፊቱ ጭራሽ ትንሽ ቀለል ብሎ ተነስቷል፣ ኋላው ግን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ክብደቱ ከኋላው ጎማ በስተጀርባ ነዋ የተንጠለጠለው። የፈለገው የኋላ ሾክና ጀሪካኖቹን ወደ ፊት ጠጋ ማድረግ ነበር። የፊት ዘይቱን ብቻ ቀየርንለት።

እጁ ላይ ምንም የሌለው ደግሞ ዘይቱን ይቀይር፣ ቧንቧውን ይጥረግ፣ የፊት ጎማው ዘንግ በትክክል መታሰሩን ይይ። ዘንጉ ተጣሞ ሲታሰር ሁለቱ ሾኮች እየተፋጩ ሞላው የሞተ ያስመስሉታል።

ቤት ውስጥ ስትሠሩ

ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ሾኩን ሳትነቅሉ ከላይ ክዳኑን ፈትቶ ሞላውን ማውጣት ይቻላል። ሞተሩን ከሆዱ ስር በክሪክ ወይም በጠንካራ የለስላሳ ሳጥን ደግፋችሁ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። ይነቅነቅ እንደሆነ ገፋ አድርጋችሁ እዩት። እናንተ ፊቱ ላይ እያላችሁ ቢወድቅ ቀልድ አይደለም።

ክዳኑን ከመፍታታችሁ በፊት የላይኛውን ማቀፊያ ብሎን አላሉ። ክዳኑን አንቆ የያዘው እሱ ነው፤ ሳያላሉ የሚታገሉ ሰዎች ናቸው የክዳኑን ራስ የሚያከቡት። ከዚያ አንዱን ክዳን ብቻ፣ ቀስ እያላችሁ። የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ላይ በመዳፋችሁ ወደ ታች ተጫኑት፣ ፊታችሁን ከላዩ ላይ አርቁ። ሞላው ክዳኑን ይወረውረዋል። ክዳኑ ጥርስ ሳይሆን የሽቦ ቀለበት ያለው ከሆነ ክዳኑን ወደ ታች እየተጫናችሁ ቀለበቱን በካቻቢቴ ማውጣት ነው። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ሞላውን ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ሳቡት። የወጣበትን አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ የተቀራረበው ጥምጥም ወደ ላይ ነበር ወይስ ወደ ታች። ዘይቱን ከታች በማፍሰሻው ብሎን አውጡ። ማፍሰሻ ከሌለው ሾኩን ነቅሎ መገልበጥ ነው። መሪውን ይዛችሁ ፊቱን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ብትገፉት የቀረውም ይወጣል። አሮጌውን ዘይት በሃይላንድ ሰብስቡት፣ ቦይ ውስጥ አትድፉት። ያ ቦይ ወንዝ ይገባል፣ ከወንዙ ከብት ይጠጣል።

አዲሱን ዘይት በመድኃኒት ቤት ባለ 60 ስሪንጅ እየለካችሁ ጨምሩ። አየሩ እስኪወጣ ሾኩን ደጋግማችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። የዘይቱ ከፍታ የሚለካው ሞላው ሳይገባ፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ እያለ ነው። ሁለቱም ጎን በሚሊ ሜትር እኩል ይሁኑ። የፋብሪካው ልክ ስንት እንደሆነ ከማወቅ ይልቅ የሁለቱ መመሳሰል ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

ክዳኑን በእጅ ጀምሩት። ሁለት ሦስት ዙር በጣት ካልገባ ጥርሱ ተዛንፏል፣ አውጥታችሁ እንደገና። በመፍቻ የሚጀምር ሰው ቶርኖ ቤት ነው የሚጨርሰው። ከዚያ አጥብቁ፣ የላይኛውን ማቀፊያ መልሳችሁ እሰሩ፣ ፍሬን ይዛችሁ ፊቱን አምስት ስድስት ጊዜ ጫኑት።

የመጀመሪያው ቀን ቅርብ ቦታ ሂዱና ተመለሱ፣ በቀስታ። ቧንቧው ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ጎሚኒው እያፈሰሰ ነው፣ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ሳይወርድ አቁሙት። ማሰሪያዋን ደግሞ አትቁረጧት፣ ከሳምንት ጉዞ በኋላ የት ድረስ እንደተገፋች እዩ። ከጉዞው መጨረሻ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቷት ከቆመች ጨርሳችኋል። መጨረሻው ድረስ ከሄደች በእያንዳንዱ ጎን 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምራችሁ አንድ ሳምንት ደግማችሁ ሞክሩት።